የጋራ መዝገብ ጥያቄና አቋማችን

የማኅበራችን የመረዳጃ ሣጥን ሒሳብ ከወረቀት ደብተር ወደ ድረ ገጽ ይዛወር የሚለው ሐሳብ በአባላት ዘንድ ተቀባይነት ካገኘ ወዲህ አከራካሪ ሆኖ የቀረው ጥያቄ አንድ ነው። ይኸውም፣ በልዩ ልዩ ከተማ ያሉ ሒሳብ ያዦች በአንድ ጊዜ የሚከፍቱትና የሚለውጡት መዝገብ እውነተኛው ቅጂ የት ይቀመጥ? ነገሩ ለቴክኒክ ኮሚቴ የሚተው ተራ ጉዳይ ነው የሚሉ ጓዶች አሉ። እኛ ግን የገንዘቡ ባለቤት ሰፊው አባል እስከ ሆነ ድረስ ጥያቄውም የሰፊው አባል ነው እንላለን።

ጉዳዩን በቁጥር እንመልከተው። በሣጥኑ 1,200 ዶላር አለ እንበል። ሁለት ሒሳብ ያዦች፣ አንዱ በቤይሩት ሌላዋ በካይሮ ሆነው፣ በአንድ ሰዓት ገጹን ይከፍታሉ። ሁለቱም የሚያዩት 1,200 ነው። አንደኛው የቤት ኪራይ ላጣ ተማሪ 700 ይሰጥና «ቀሪ 500» ብሎ ይመዘግባል። ሌላዋ የመኖሪያ ፈቃድ ማሳደሻ ለቸገራት እኅት 900 ትሰጥና «ቀሪ 300» ብላ ትመዘግባለች። ሁለቱም በትክክል ቀንሰዋል፤ ሁለቱም በታማኝነት ሠርተዋል። መዝገቡ ግን በኋላ የገባውን 300 ይዞ 500ውን ያለ አንዳች ምልክት ደምስሶታል። ከ1,200 ላይ 1,600 ወጥቷል፤ የ400 ጉድለት እያለ መዝገቡ 300 ተርፏል ይላል። በሚቀጥለው ሳምንት የሚመጣው ሦስተኛ ችግረኛ አለ የተባለውን ገንዘብ አያገኘውም። ደግሞም ገንዘብ ሲጎድል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፕሮግራሙ ሳይሆን ሰው ነው። ስንት ማኅበር በዚህ ፈርሷል!

የችግሩ ሥር ከወዴት ነው? ድረ ገጽ የሚሠራበት ኤችቲቲፒ የተባለው ፕሮቶኮል በባሕርዩ ትዝታ የለውም፤ እያንዳንዱ ጥያቄ በሰርቨሩ ደጅ እንደ አዲስ እንግዳ ይቆማል። ሉ ሞንቱሊ እ.ኤ.አ. በ1994 በኔትስኬፕ ኩባንያ ኩኪን ያበጀው ይህንኑ ጉድለት ለመሸፈን ነበር። ይሁን እንጂ ኩኪና በእርሱ ላይ የቆመው ሴሽን ሰርቨሩ አንድን ሰው እንዲያስታውስ ይረዱታል እንጂ ብዙ ሰዎች አንድን ነገር በጋራ እንዲይዙ አያስችሉም። የግል ኪስ እንጂ የጋራ ሣጥን አይደሉም።

አንዳንድ ጓዶች መዝገቡን በሰርቨሩ ሜሞሪ ውስጥ አንድ ኦብጀክት አድርገን እናኑረው፤ ሁሉም ክላየንት እርሱኑ ያንብብ፣ እርሱኑ ይለውጥ ይላሉ። የጃቫ ሰርቭሌትም ሆነ ኤኤስፒ ዶት ኔት ለተጠቃሚዎች ሁሉ የጋራ የሆነ ስፍራ ስላላቸው ሐሳቡ ከባዶ የተነሣ አይደለም። ነገር ግን መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ እንደገና ሲነሣ ያ ሜሞሪ ባዶ ነው። ሥራ በዝቶ ሁለተኛ ሰርቨር ሲጨመር ደግሞ እያንዳንዱ የራሱን ኦብጀክት ይይዝና አንዱ ሣጥን ሁለት ይሆናል። ፒኤችፒማ በተለመደው አሠራሩ ጥያቄው ባለቀ ቁጥር ኦብጀክቱን ሁሉ ይጥላል። ኖድ ጄኤስ ተራ በተራ ስለሚሠራ ግጭት አይኖርም የሚለውም መከራከሪያ ግማሽ እውነት ነው። ፕሮግራሙ ቀሪውን አንብቦ ከመረጃ ቋቱ መልስ በሚጠብቅበት ቅጽበት ሌላ ጥያቄ መሐል ይገባል፤ ያው የ700ና የ900 ጉዳይ ይደገማል።

የሁለተኛው ወገን ሐሳብ ይበልጥ ማራኪ ነው። እያንዳንዱ ሒሳብ ያዥ ሙሉ ቅጂ ይያዝ፣ መስመር ቢቋረጥም ይሥራ፣ በኋላ ቅጂዎቹ ይዋሐዱ ይላል። ማርክ ሻፒሮና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ባቀረቡት፣ ሲአርዲቲ በተባለው ዘዴ ቅጂዎች ያለ ማእከላዊ ዳኛ ወደ አንድ ውጤት ሊደርሱ እንደሚችሉ አሳይተዋል። ለቃለ ጉባኤና ለመጽሔት ረቂቅ ይህን በደስታ እንቀበላለን። ገንዘብ ግን ሌላ ነው። ሁለቱ ክፍያዎች ሲዋሐዱ መዝገቡ የ400 ዕዳ ያሳያል። እርግጥ እውነቱን ይናገራል፣ ግን ገንዘቡ ከወጣ በኋላ! ቀሪው ከዜሮ በታች እንዳይወርድ የሚያዘውን ደንብ፣ አስቀድሞ ለየከተማው ድርሻ ካልተመደበ በቀር፣ ያልተነጋገሩ ቅጂዎች ሊያስከብሩት አይችሉም።

ስለዚህ እውነተኛው መዝገብ በመረጃ ቋት ውስጥ፣ በአንድ ስፍራ ይኑር እንላለን። በሰርቨሩ ሜሞሪም ሆነ በብራውዘሩ የሚታየው ሁሉ ቅጂ መሆኑ ይታወቅ። ክላየንቱ የሚልከው «ቀሪው 500 ነው» የሚል ፍርድ ሳይሆን «700 ይከፈል» የሚል ጥያቄ ይሁን፤ የመረጃ ቋቱም ገንዘቡ መብቃቱን ማረጋገጥንና መቀነስን በማይነጣጠል አንድ እርምጃ ይፈጽም። ተቀባይነት ማግኘቱ ሳይታወቅ ገንዘብ ከእጅ አይውጣ። አድራሻና ስልክ ለመሳሰሉት ደግሞ እያንዳንዱ መዝገብ የእትም ቁጥር ይያዝ፤ 7ኛውን እትም አይቶ የጻፈ ሰው 8ኛው ወጥቶ ከተገኘ ጽሑፉ ይመለስለት። ይህ አዲስ ፍልስፍና አይደለም። ኩንግና ሮቢንሰን ሳይቆልፉ አንብቦ ከመጻፍ በፊት የማጣራትን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1981 አውጥተውታል፤ ኤችቲቲፒም እ.ኤ.አ. ከ1997ቱ 1.1 እትም ጀምሮ «ቅድመ ሁኔታው አልተሟላም» የሚል 412 የተባለ መልስ አለው። እ.ኤ.አ. በ2011 ደንቡ የወጣለት ዌብሶኬት ለውጡን ወዲያው ለሁሉም ያሳይልን፣ መልካም ነው፤ ማሳየት ግን መወሰን አይደለም።

መስመር ሲቋረጥ ክፍያ ሊቆም ነው ወይ የሚል ተቃውሞ ይቀርብብናል። አዎን፣ ይቆማል። ለአስቸኳይ ችግር ለየከተማው ሒሳብ ያዥ ከጋራው ሣጥን አስቀድሞ የተቀነሰ አነስተኛ ድርሻ ይሰጠው፤ በመስመር መቋረጥ ጊዜ ከዚያች ብቻ ያውጣ። የድርሻው መጠን ስንት ይሁን የሚለውን ለጠቅላላ ጉባኤው ትተነዋል።