ሙቃበላ ያልተደረገለት ኮፒ



የመጻሕፍት ማዋሻ ፕሮግራማችንን በጋራ የምንሠራ ተማሪዎች ሰሞኑን በአንድ ጉዳይ ሐሳባችን ተከፍሏል። ፕሮግራሙ በአማርኛ፣ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ የሚያገለግለው ከውጭ በወሰድነው የትርጉም ላይብረሪ ነው። ኮዱን ገልብጠን በፕሮጀክታችን ፎልደር ውስጥ አስቀመጥነው፤ የራሳችንንም ማስተካከያ ጨመርንበት። ከዚያ ወዲህ ዋናዎቹ አዘጋጆች ብዙ አሻሽለውታል። የእነሱን አዲስ ሥራ ከእኛ ኮፒ ጋር እናዋህድ ወይስ ባለን እንቀጥል? እናዋህድ፣ ያውም ተመራቂዎቻችን ከመሄዳቸው በፊት፣ ባይ ነኝ።

መድረሳ የቀራ ሁሉ እንደሚያውቀው በዐረብኛ ቁጥሩ ሲለወጥ ስሙም ይለወጣል። አንድ ሲሆን «ኪታቡን»፣ ሁለት ሲሆን «ኪታባኒ»፣ ከሦስት እስከ ዐሥር «ኩቱቢን»፣ ከዐሥራ አንድ እስከ ዘጠና ዘጠኝ «ኪታበን»፣ መቶ ሲሞላ ደግሞ «ኪታቢን» ነው። ይህ የነህው ትምህርት በኮምፒውተሩም ዓለም ቦታ አለው። የዩኒኮድ ኮንሰርቲየም የሚያዘጋጀው ሲ.ኤል.ዲ.አር. የተባለ የቋንቋዎች መረጃ ስብስብ ለዐረብኛ ዜሮን ጨምሮ ስድስት የቁጥር መደቦችን ይዟል። ለአማርኛ ሁለት ብቻ ነው፤ ሆኖም ዜሮ በአማርኛ ከአንድ ጋር ሲመደብ በእንግሊዝኛ ከብዙ ጋር ይመደባል። የእኛ አሮጌ ኮፒ የሚያውቀው የእንግሊዝኛውን ደንብ ብቻ ስለሆነ ዐሥራ አንድ ኪታብ የተዋሰ ደረሳ ስክሪኑ ላይ የሚያነበው ዐረብኛ ስሕተት ነው። አዲሱ ዕትም ይህን አርሞታል።

የሚቃወሙት ወንድሞች ስጋት ግን መሠረት አለው። ላይብረሪው ዓመትን በ12 ወር ብቻ ይቆጥር ስለነበር ጳጉሜን 3 የሚመለስ መጽሐፍ ቀን አልነበረውም። የእኛ ልጆች 13ኛውን ወር ጨመሩለት። «አዲሱን ብናመጣ ጳጉሜናችን ትጠፋለች» ይላሉ። አዲሱን ፎልደር በአሮጌው ላይ ከደፋንበት በእርግጥ ትጠፋለች። ማዋሃድ ግን ከዚህ ይለያል። ጊት ሦስት ነገሮችን ያነጻጽራል፦ ሁለታችንም የተነሣንበትን የጋራ ዕትም፣ የእኛን ለውጥና የእነሱን ለውጥ። አንዱ ወገን ብቻ የነካውን መስመር የነካውን ይዞ ያልፋል። ሁለታችንም አንዱን መስመር በየራሳችን መንገድ ለውጠን ከተገኘን ግን ቆሞ ሰው ይጠይቃል። የሰው ድካም የሚያስፈልገው እዚያ ላይ ነው፤ በዘገየን ቁጥርም እንዲህ ያለው ቦታ እየበዛ ይሄዳል።

የእኛ ዑለሞች ይህን ሥራ ያውቁታል። ኪታብ ሲገለበጥ ግልባጩ ከዋናው ጋር ይመሳከራል፤ ሙቃበላ ይባላል። አንባቢው የሚጨምረው ማብራሪያ ደግሞ ሓሺያ ሆኖ በኅዳግ ይጻፋል እንጂ መትኑ ውስጥ አይቀላቀልም። እኛ ያደረግነው ግን ሓሺያችንን ከመትኑ ጋር መቀላቀል ነው። የትኛው መስመር የእነሱ፣ የትኛው የእኛ እንደሆነ የሚያውቁት ሁለት ልጆች ሲሆኑ ሁለቱም ዘንድሮ ተመራቂዎች ናቸው። እነሱ ከሄዱ በኋላ የሚመጣው የአንደኛ ዓመት ተማሪ ማንን ይጠይቃል?

እያንዳንዱ በየራሱ ኮፒ ሲሄድ የሚመጣውን ጣጣ አገራችን አይታዋለች። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ እስኪገባ ድረስ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች ለፊደላችን የየራሳቸውን ኮድ ይሰጡ ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ያን ጊዜ የተጻፉ ሰነዶችን ዛሬም ያለ መቀየሪያ ማንበብ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው።

በተቃራኒው የኛን ጉዳይ ወደ ምንጩ ማድረስ እንደሚቻል የሚያሳይ ምሳሌም ቅርባችን አለ። ጤና ሚኒስቴር ለሪፖርት የሚጠቀምበት፣ ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተነሣው ዲ.ኤች.አይ.ኤስ.2 የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ከኔፓል፣ ከፋርስና ከታይላንድ አቆጣጠሮች ጋር በዋናው ሶፍትዌር ውስጥ ይዟል። ስለዚህ ጳጉሜንን በጓዳችን ደብቀን የምንጠብቅበት ምክንያት የለም። ለዋናዎቹ አዘጋጆች እንላክላቸው። ከተቀበሉን በየዕትሙ የሚጠብቁልን እነሱ ይሆናሉ፤ አዲስ አበባም ሆነ ደሴ ያለ ሌላ ተማሪ ያንኑ ሥራ እንደ አዲስ አይደክምበትም። ባይቀበሉንም ሥራችን ተለይቶ ስለተቀመጠ የሚጎድልብን ነገር የለም።

«ኔትወርኩስ?» የሚል አይጠፋም። ጊት ሙሉውን ታሪክ በየላፕቶፓችን ስለሚያስቀምጥ ኔትወርክ የሚያስፈልገን አዲሱን ዕትም ለማውረድና የእኛን ለመላክ ብቻ ነው። የቀረውን ሥራ ኔትወርክ በሌለበትም፣ ባትሪ እስካለ ድረስ፣ እንጨርሰዋለን።

ሐሳቤ ይህ ነው። አንደኛ፣ የላይብረሪው ዋና ኮድ ማንም የማይነካው ለብቻው የተቀመጠ ቅርንጫፍ ይኑረው። ሁለተኛ፣ የእኛ ማስተካከያዎች ምክንያታቸው ተጽፎ አንድ በአንድ ይለዩ፤ ይህን ሁለቱ ተመራቂዎች ከታናናሾቻቸው ጋር ቁጭ ብለው ይሥሩት። ሦስተኛ፣ ከማዋሃዳችን በፊት የመፈተኛ ዝርዝር እናዘጋጅ፦ ዜሮ፣ 1፣ 2፣ 3፣ 11 እና 100 ኪታብ በሦስቱም ቋንቋ፣ ጳጉሜን 5፣ በየአራት ዓመቱ የምትመጣው ጳጉሜን 6 እና መስከረም 1። ዝርዝሩን ሳያልፍ ወደ ጀመዓው ኮምፒውተር የሚገባ ነገር አይኑር። አራተኛ፣ በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ይኸው ይደገም።

«የሚሠራን ነገር አትንኩ» የሚለው ምክር ፕሮግራሙ የአንድ ሰው ቢሆን ያስኬድ ይሆናል። ይህ ግን የጀመዓ ንብረት ነው፤ በእጃችን ያለ አማና ነው። አማናን ደግሞ የሚረከበው ሰው ሊያነበው በሚችል መልኩ ማስረከብ ይገባል። ከፈተና በፊት ያሉት ሁለት ቅዳሜዎች ለዚህ ይበቃሉ ኢንሻአላህ።

ወቢላሂ ተውፊቅ።