“ይሸጣል” የሚል ወረቀት መኪና ለማስጎተት ምክንያት ሊሆን አይገባም

የመኪና ማቆሚያ ቦታ ዘወትር በሚያከራክርባት ፓሎ አልቶ፣ መስኮቱ ላይ “ይሸጣል” የሚል ወረቀትና የስልክ ቁጥር ተለጥፎበት መንገድ ዳር የቆመ መኪና ቅሬታ ቢያስነሣ አያስደንቅም። መንገዱ የሕዝብ ነው፤ ማንም የግል ሱቁ ሊያደርገው አይገባም። ይሁን እንጂ ከተገቢ ቅሬታ ሁሉ ተገቢ ደንብ አይወለድም። ከተማ መኪናው የያዘውን ቦታና የቆመበትን ጊዜ የመቆጣጠር ሥልጣን አላት። በመስኮቱ ላይ ስለተለጠፈው ጽሑፍ ብቻ ባለቤቱን መቅጣት፣ ይባስ ብሎም መኪናውን ማስጎተት ግን ከዚህ ሥልጣን ወሰን ያልፋል።

የግዛቱ ሕግ ምን ይፈቅዳል?

የካሊፎርኒያ የተሽከርካሪ ሕግ አንቀጽ 22651.9 ከተሞች በደንብ ወይም በውሳኔ በወሰኗቸው መንገዶች ላይ ለሽያጭ የቆመን መኪና እንዲያስነሡ ይፈቅዳል። ለዚህም ቅድመ ሁኔታዎች ተቀምጠዋል። በመኪናው ላይ ካለው ምልክት የተነሣ፣ የቆመበት ዋነኛ ዓላማ የራሱን የግል ሽያጭ ማስተዋወቅ መስሎ መታየት አለበት። ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ ማስጠንቀቂያ የያዘ የቅጣት ወረቀት ተሰጥቶት መሆን አለበት። ከዚያም ቢያንስ 24 ሰዓት ማለፍ አለበት።

የአንቀጹን ባሕርይ የሚገልጠው የማስጠንቀቂያው ይዘት ነው። ባለቤቱ መኪናውን ደንቡ ወደሚመለከተው ሌላ መንገድ ቢያዛውር እንኳ፣ የሽያጭ ምልክቱ እስካለ ድረስ መኪናው ሊወሰድ እንደሚችል መነገር አለበት። ቦታውን የለቀቀ ሰው ቦታ ያዘ ሊባል አይችልም። ስለዚህ ሕጉ የሚከተለው ቦታውን ሳይሆን ወረቀቱን ነው። ከጎኑ ለተመሳሳይ ሰዓት የቆመ፣ መጠኑም እኩል የሆነ ሌላ መኪና የፒዛ ቤት ማስታወቂያ ቢለጥፍ ይህ አንቀጽ አይነካውም።

“ዋነኛ ዓላማ” የሚለው መለኪያም ሌላ ችግር አለው። አንዲት ሠራተኛ መኪናዋን በየማለዳው ባቡር ጣቢያው አጠገብ አቁማ ወደ ሥራ ብትሄድና መስኮቷ ላይ የሽያጭ ወረቀት ቢኖር፣ የቆመችው ለሥራ ነው ወይስ ለሽያጭ? መልሱ በመንገድ ተቆጣጣሪው ግምት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ፍርድ ቤቶች ያስቀመጡት መስመር

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1977 የኒው ጀርሲዋ ዊሊንግቦሮ በቤቶች ደጃፍ “ይሸጣል” የሚል ምልክት እንዳይተከል ያወጣችውን ክልከላ ሽሯል። በ1980 በሴንትራል ሃድሰን ጉዳይ ደግሞ ሕጋዊና እውነተኛ የሆነን የንግድ ንግግር ለመገደብ መንግሥት ከባድ ጥቅም እንዳለው፣ ገደቡም ያንን ጥቅም በቀጥታ እንደሚያስከብርና ከሚያስፈልገው በላይ እንዳልሰፋ ማስረዳት እንዳለበት ወስኗል።

ይህ መርሕ ለቆሙ መኪኖችም ተሠርቶበታል። በ2000 በሎስ አንጀለስ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት የከተማዋ ተመሳሳይ ክልከላ እንዳይፈጸም ጊዜያዊ እግድ ሰጥቷል። በ2007 ደግሞ የስድስተኛው ምድብ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት የኦሃዮዋን የግሌንዴልን ደንብ በተከፋፈለ ድምፅ ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ሆኖ አግኝቶታል። መንደሩ፣ ገዢዎች መኪናውን ለማየት ወደ መንገዱ ገብተው ለአደጋ ሊጋለጡ ይችላሉ ብሎ ተከራክሮ ነበር፤ ነገር ግን ከግምት ያለፈ ማስረጃ አላቀረበም። የኦሃዮው ውሳኔ ካሊፎርኒያን አያስገድድም፤ ሆኖም ማስረጃ ሳይሰበስብ ደንብ ለሚያረቅቅ ምክር ቤት በቂ ማስጠንቀቂያ ነው።

ፓሎ አልቶ ራሷ የምታውቀው ትምህርት

ፓሎ አልቶ ከመኪና ጋር የተያያዘ ሰፊ ክልከላ አውጥታ ወደኋላ ለመመለስ የተገደደችበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። በነሐሴ 2013 ምክር ቤቱ በመኪና ውስጥ መኖርን ከለከለ። በሰኔ 2014 የዘጠነኛው ምድብ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት የሎስ አንጀለስን ተመሳሳይ ደንብ ምን እንደሚከለክል ግልጽ ያልሆነና ለአድልዎ በር የሚከፍት ነው ብሎ ሻረው። ፓሎ አልቶም በዚያው ዓመት ኅዳር የራሷን ክልከላ አነሣች። ዓላማን ከውጫዊ ምልክት በመገመት ላይ የቆመ ደንብ ለዚሁ ዓይነት ክርክር የተጋለጠ ነው።

ሸክሙ በማን ላይ ይወድቃል?

የደንቡ ደጋፊዎች የሚያነሡት ብርቱ ነጥብ ፈቃድ የሌላቸው ነጋዴዎች መኪኖቻቸውን በተርታ ደርድረው መንገዱን ገበያ ማድረጋቸው ነው። ችግሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያለ ፈቃድ መኪና መነገድ በተሽከርካሪ ሕጉ አንቀጽ 11700 ቀድሞውኑ የተከለከለ ነው። በእነርሱ ጥፋት አንዲት አሮጌ መኪናውን የሚሸጠውን ነዋሪ መቅጣት “አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ” የሚያሰኝ ነው።

ዛሬ ሁሉም በኢንተርኔት ይሸጣል የሚለው ክርክርም ሙሉ አይደለም። እንግሊዝኛ ለማይቀናው አዲስ መጤ ወይም ለአረጋዊ፣ መስኮት ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ወጪ የሌለውና ገዢው ዕቃውን በዓይኑ አይቶ የሚደውልበት መንገድ ነው። በሳን ሆዜና በኦክላንድ በሹፍርና ለሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን መኪና የዕለት እንጀራ ነው። አንዴ ከተጎተተ የማስጎተቻና የማቆያ ክፍያ ይከተላል፤ ማቆያው በየቀኑ ይጨምራል፤ ያልተከፈለበት መኪናም በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። መጎተቱን ለመቃወም ባለቤቱ በማስታወቂያው ላይ ከሰፈረው ቀን ጀምሮ በ10 ቀናት ውስጥ መጠየቅ አለበት፤ ማስታወቂያውን ማንበብ ላልቻለ ሰው ይህ መብት በወረቀት ላይ ይቀራል።

ምክረ ሐሳቦች

1. የከተማ ምክር ቤቶች በሽያጭ ምልክት ላይ የተመሠረተ ክልከላ አያውጡ፤ ያላቸውም ይሻሩት።

2. የቦታ መጨናነቅ በሁሉም መኪና ላይ እኩል በሚሠሩ ደንቦች ይፈታ፤ ፓሎ አልቶ ያላት የ72 ሰዓት ገደብ፣ የሰዓት ወሰንና የነዋሪዎች ፈቃድ ለዚህ ይበቃሉ።

3. ቁጥጥሩ በርካታ መኪኖችን ደጋግመው በሚያቆሙ፣ ፈቃድ በሌላቸው ነጋዴዎች ላይ ያተኩር።

4. መጎተት መተላለፊያ ለዘጋ ወይም አደጋ ለደቀነ መኪና ብቻ ይሁን። የካሊፎርኒያ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2023 ሳን ፍራንሲስኮ በሕጋዊ ቦታ የቆሙ መኪኖችን ባልተከፈለ ቅጣት ምክንያት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማስጎተቷ ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥስ መወሰኑ ይታወስ።

5. ማስጠንቀቂያና የአቤቱታ ቅጽ አማርኛን ጨምሮ ነዋሪው በሚናገራቸው ቋንቋዎች ይዘጋጅ።

6. የግዛቱ ሕግ አውጪዎች አንቀጽ 22651.9ን ይሻሩት፤ ይህ ካልሆነ ቢያንስ ቦታውን ለቅቆ የተዛወረን መኪና ማስጎተት የሚፈቅደውን ክፍል ያውጡት።

የምክር ቤት አባላት ረዳቶች ተመሳሳይ ረቂቅ ሲቀርብላቸው አስቀድመው ሊጠይቁት የሚገባ ጥያቄ አለ፦ ወረቀቱ ቢነሣና መኪናው በዚያው ቢቆም ችግሩ ይወገዳል? መልሱ “አይወገድም” ከሆነ ረቂቁ የተጻፈው ለሌላ ችግር ነው፤ ወደ ኮሚቴውም ይመለስ።