ለመጫወቻ ባቡር ጭነት ስለ ማሰናዳት

የምድር ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ «ፉርጎ» የሚለው ቃል ከቋንቋችን ጋራ ተዋሕዶ ይኖራል። ከሐራ ገበያ ተነሥቶ በራያ ቆላ በኩል መቀሌ እንዲደርስ የታሰበው የሐዲድ ሥራም በ2007 ዓ.ም. ተጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን በ2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት አቋረጠው። ስለዚህ የጎብዬ ልጅ ማሽላ የተጫነበት ፉርጎ በአገሩ ሲያልፍ ለማየት ገና አልታደለም። ከካርቶንና ከቆርቆሮ ጣሳ ፉርጎውን ሠርቶ በገዛ እጁ ሊጭነው ግን ይችላል። በዚህ ወር የምንነጋገረው ስለዚሁ ጭነት ነው።

አስቀድሞ ልኩ ይወሰን። 12 ሜትር የሚረዝመውን ፉርጎ 12 ሳንቲ ሜትር አድርገን ብንሠራው፣ እያንዳንዱ ሜትር አንድ ሳንቲ ሜትር ሆነ ማለት ነው። እንግዲህ አንድ ሜትር የሚሆን ጆንያ አንድ ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ 6 ሜትር የሚረዝም የባሕር ዛፍ አጣና 6 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ 200 ሊትር የሚይዝ በርሜልም ቁመቱ 9 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ልኩ የተዘነጋ እንደ ሆነ ጆንያው ከሰው ይበልጣል፤ መጫወቻውም መልኩን ያጣል።

ጆንያውን ለመሥራት ከአሮጌ ነጠላ የተረፈ ቁራጭ ጨርቅ በቡና አተላ ነክሮ ማድረቅና በትንሽ በትንሹ ጠቅልሎ ጫፍና ጫፉን በክር ማሰር ነው። ስንደዶ እኩል ተቆርጦ ሲታሰር የአጣና ጭነት ይሆናል። በርሜሉ ከቀጭን የማሽላ አገዳ ይቆረጣል። ከነጭ ሳሙና በቢላዋ የተቆረጡ ቁራጮች አሞሌ ጨው ይመስላሉ። ከአላውሃ ወይም ከጎሊና ወንዝ የመጣ አሸዋ በወንፊት ተነፍቶ የጠጠር ጭነት ይሆናል። ማጣበቂያው በጥቂት ለብ ያለ ውኃ የሟሟ የግራር ሙጫ ነው። እህሉ ግን ለማዕድ የተሰጠ ነውና ለመጫወቻ አይባክን።

ፉርጎውን እስከ ታች መሙላት አያስፈልግም። በፉርጎው ወርድና ቁመት የተቆረጠ ካርቶን ከውስጥ በትንንሽ እንጨት ከፍ ተደርጎ ይቀመጥና ጭነቱ በካርቶኑ ላይ ብቻ ይጣበቅ። እንዲህ የሆነ እንደ ሆነ ጭነቱ ከነካርቶኑ ይነሣል፤ ባቡሩም ሞልቶ ሄዶ ባዶውን ይመለሳል። ፉርጎው ቀሎ ከሐዲዱ እንዳይወጣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከታች መካከሉ ላይ ይደረግለት፤ ክብደቱ ወደ ላይ ከሆነ በመታጠፊያው ላይ ይገለበጣልና።

አሁን ወላጆች ሁሉ በብርቱ እንዲያስቡበት የምንለምነው ነገር አለ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በራያ ቆቦ ምድር ጦርነት ተደርጓል። ጦርነት ባለፈበት ሜዳ ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ ሊቀር ይችላል። ልጅ ደግሞ የሚያብለጨልጭ ቀለህ ባየ ጊዜ «ይህስ መልካም በርሜል ይሆነኛል» ማለቱ አይቀርም። በርሜሉ ከአገዳ ይሠራ ማለታችንም ስለዚህ ነው። በሜዳ የተገኘ ማናቸውም ብረት ወደ ቤት አይግባ፤ አይነካ፤ አይወርወር፤ በእሳትም አይጣል። ልጁ በመጣበት ፈለግ ተመልሶ ለታላቅ ሰው ይንገር፤ ታላቁም ሳይነካው ለፖሊስ ያስታውቅ። ይህን ላመለከተ ልጅ ምስጋና እንጂ ቁጣ አይገባውም፤ የተቆጡት ልጅ በሌላ ጊዜ ይደብቃልና። የጣሳውንም ስለት ታላቅ ሰው አስቀድሞ ይጠፍው።

ሥራው ሲፈጸም አባትና እናት ልጁን «ስንት ኩንታል ጫንህ?» ብለው ይጠይቁት። 30 ቶን የሚሸከም ፉርጎ 300 ኩንታል ይይዛል። በላይኛው ረድፍ ርዝመቱን 12፣ ወርዱን 4 ጆንያ ቢደረድር 48 ይሆናል፤ የቀረው ከሥር እንዳለ ይቆጠራል። ስንት ረድፍ ከሥር እንደሚኖር ልጁ ራሱ አስቦ ይመልስ።