ሚኒሞው ሲንቀጠቀጥ

ለበዓል ወይም ለሠርግ ቤተሰብዎን ጭነው ወደ ጋይንት፣ ስማዳ ወይም እስቴ ሊወጡ ካሰቡ፣ ስንቁ ከመሰናዳቱ በፊት ፒካፕዎን አስነስተው ያዳምጡት። ነዳጅ ሳይረግጡ ድምፁ ከፍ ዝቅ የሚል፣ መሪው እጅዎ ላይ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሚኒሞው ጤና የለውም። ከተማ ውስጥ ይህ ቢያናድድ ነው። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ቢጠፋ ግን መሪው ይከብዳል፤ የፍሬኑ አጋዥም አንድ ሁለቴ ከረገጡ በኋላ ያልቅና ፔዳሉ ይደነድናል። ፍሬኑ ጨርሶ አይጠፋም፣ የሚይዘው ግን በሙሉ ጉልበት ሲረግጡት ነው። ልጆች ከኋላ ተቀምጠው ይህን መማር አያስፈልግም። ማርሽ አውጥተው አይውረዱ።

በአካባቢው መጀመሪያ የሚወቀሰው ከፍታው ነው። ነፋስ መውጫ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ስሟ ነፋስ ቢሆንም አየሯ ከባሕር ዳር በ15 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡራተር ያለው አሮጌ የቤንዚን መኪና እዚያ ሲደርስ ነዳጁ ስለሚበዛበት ሚኒሞው በእርግጥ ይበላሻል። የናፍጣ ሃይሉክስ ግን ሌላ ነው። በጥር ውርጭ ጠዋት ሲነሳ ነጭ ጭስ እያወጣ ጥቂት ደቂቃ ቢንገዳገድ ካንዴላውን ያስፈትሹ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ከተንቀጠቀጠ ከፍታውን አይውቀሱ፤ ቆሞ የሚሠራ የናፍጣ ሞተር አየር አያጥረውም።

እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ናፍጣውን ነው፤ በተለይ ችግሩ ከማደያ ውጭ በጄሪካን የተሸጠ ከሞሉ በኋላ ከጀመረ። ሞተሩን አጥፍተው ከናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለውን ማፍሰሻ ይፍቱና በንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይቀበሉ። ትንሽ ሲቆይ ውኃ ካለ ከታች ይዘቅጣል። ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ ያፍስሱ፤ ማፍሰሻውን ዘግተው ፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እስኪጠነክር ይጫኑ። ካልጠነከረ፣ ወይም ሚኒሞው እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ ካለ፣ በላላ ቱቦ አየር እየገባ ሊሆን ይችላል። በጠጠር መንገድ የቱቦ ማሰሪያ መላላቱ አይገርምም። የአየር ፊልትሮውንም አውጥተው አቧራውን ያራግፉ።

አመታቱ በእኩል ልዩነት እየዘለለ ከሆነ ግን ከአራቱ ፒስተን አንዱ አልሠራም፤ ይህ የጋራዥ ሥራ ነው። በቀድሞው ፖምፓ መካኒኩ የየኖዝሉን ቱቦ ተራ በተራ እያላላ ሰነፉን ይለያል። ዲፎርዲ የሚል ጽሑፍ ባለው አዲሱ ሞተር ላይ ይህን እንዳይፈቅዱ! ግፊቱ ከ1,000 ባር ሊያልፍ ስለሚችል የሚፈናጠረው ናፍጣ ቆዳ ይበሳል። እሱ የሚፈተሸው በኮምፒውተር ነው፤ ስለዚህ ከተማ ሳሉ ያስጨርሱት።

ብዙ ጊዜ የሚቀርብልዎ መፍትሔ ግን «ሚኒሞውን ትንሽ ከፍ ላድርገው» የሚል ይሆናል። መንቀጥቀጡ ይቀንሳል፤ ውኃው ግን ፊልትሮው ውስጥ፣ አየሩም ቱቦው ውስጥ እንዳለ ነው። ከመስማማትዎ በፊት ፊልትሮው ተፈትቶ ይዩት። አንድ ትርፍ የናፍጣ ፊልትሮና ሁለት የቱቦ ማሰሪያ ከመቀመጫው ሥር ያስቀምጡ፤ ለሞዴልዎ የሚሆነውን ደብረ ታቦር አልፈው ከመፈለግ ከቤት ይዞ መውጣት ይቀላል።