የአንበሳው የመጨረሻ አጃቢዎች

የዚህ ወር ጨዋታችን ከሙዚቃ መንደር ነው።

የድሮ ሙዚቃ ወዳጆች ሁለት ሆነው ከተቀመጡ ክርክር አይጠፋም። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ባለች አንዲት ቡና ቤት ሰሞኑን የሰማሁት ግን ከተለመደው ወጣ ያለ ነበር። «ጥላሁን ይበልጣል፣ ማህሙድ ይበልጣል» የሚባለው ዓይነት አይደለም። የተከራከሩት ስለ አጃቢ ነው። «አንጋፋውን ሳክስፎኒስት ጌታቸው መኩሪያን በመጨረሻ ዘመናቸው ያጀቧቸው ፈረንጆች ለእሳቸው ይመጥናሉ ወይስ አይመጥኑም?»

አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ «እኔ ጌታቸውን የማውቀው በፖሊስ ኦርኬስትራ ነው። ያ ልብስ! ያ ሥርዓት! እነዚህ ልጆች ጊታሩን ያስጮኹታል እንጂ አይጫወቱትም» አሉ። አጠገባቸው የነበረው ወጣት ደግሞ በትሕትና፣ ግን ሳይሸነፍ፣ «አባባ፣ እርስዎ ዕድለኛ ነዎት፣ በዓይንዎ አይተዋቸዋል። እኔ ጋሽ ጌታቸውን ያወቅኋቸው በእነዚሁ ፈረንጆች በኩል ነው» አላቸው። ቡና ቤቱ በሁለት ተከፈለ።

ነገሩን በቅርብ ላልተከታተላችሁ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። ጌታቸው መኩሪያ በ1927 ዓ.ም. ይፋት ውስጥ ተወለዱ። ሙዚቃን የጀመሩት በክራርና በማሲንቆ ነው፤ ክላርኔትና ሳክስፎን ኋላ የመጡ ናቸው። በ1941 ዓ.ም. ገደማ፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ፣ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድን ተቀላቀሉ። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ባንድ ሲቋቋም ወደዚያ ተሻገሩ። በ1957 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ብዙ ሰው የሚያስታውሳቸውን የፖሊስ ኦርኬስትራ ቤታቸው አደረጉ።

ስማቸውን ያስጠራው አንድ ትልቅ ሥራ ነው። የጦር ሜዳውን ሽለላና ፉከራ ከሰው ጉሮሮ አውጥተው በሳክስፎን ተናገሩት። መድረክ ላይ የጀግና ለምድ ለብሰው፣ የአንበሳ ጎፈር ደፍተው ሲወጡ ሙዚቀኛ ሳይሆን ከዘመቻ የተመለሰ አርበኛ ይመስሉ ነበር። ባሕር ማዶ ያሉ የሙዚቃ ጸሐፊዎች አነፋፋቸውን ከአሜሪካውያኑ ኦርኔት ኮልማንና አልበርት አይለር ጋር ያመሳስሉታል። እሳቸው ግን መንገዱን ያገኙት ከጃዝ ክለብ ሳይሆን ከአገራቸው ፉከራ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በፊሊፕስ የወጣው ሸክላቸው «የኢትዮጵያ ሳክስፎን ንጉሥ» የሚል ስም ነበረው። ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2003 የፈረንሳዩ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ አሥራ አራተኛ ሆኖ ዳግም ታተመ፤ ዓለምም ሰማው።

አሁን ወደ ፈረንጆቹ እንምጣ። «ዘ ኤክስ» ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1979 ሆላንድ ውስጥ የተቋቋሙ የፐንክ ሮክ ተጫዋቾች ናቸው። ፐንክ ማለት በጩኸት፣ በፍጥነትና በእልህ የሚጫወቱት ሮክ ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙዚቃ ሊያሳዩ የመጡት እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ 25ኛ ዓመታቸውን አምስተርዳም ላይ ሲያከብሩ ጋሽ ጌታቸውን ጋበዟቸው። ሰባ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው አዛውንት ሄዱ፤ ሰሟቸው። ከዚያም ብዙዎች የማይጠብቁትን አደረጉ። «አዲስ አልበም መሥራት እፈልጋለሁና እናንተ አጅቡኝ» ብለው ራሳቸው ጠየቋቸው።

ይህችን ነጥብ ያዙልኝ። ክርክሩ ላይ ደጋግማ የምትረሳው እሷ ናት። ብዙ ሰው «ፈረንጆቹ ሽማግሌውን ወሰዷቸው» ብሎ ያወራል። እውነቱ ተቃራኒው ነው፤ መራጩ ሽማግሌው ነበሩ። ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞአ አንበሳ»፣ በ2012 ደግሞ «የአንበሳው ትዝታ» ሆኖ ወጣ። በመካከሉ አብረው ብዙ አገር ዞሩ። እ.ኤ.አ. በ2008 ኒውዮርክ በሚገኘው ሊንከን ሴንተር ደጅ፣ ማህሙድ አህመድና ዓለማየሁ እሸቴ በቀረቡበት ምሽት እሳቸውም ከእነዚሁ ባልንጀሮቻቸው ጋር ነፍተዋል።

በእርግጥ የቡና ቤቱ ሽማግሌ ያሉት ዝም ብሎ የሚጣል አይደለም። የድሮው ባንድ ተጫዋቾች ቅኝቱን ከእናት ጡት ጋር የጠጡት ናቸው። ትዝታው የት ላይ እንደሚያዝ፣ አንቺ ሆዬው የት ላይ እንደሚሰበር የሚነግራቸው አያስፈልጋቸውም። የፈረንጆቹን ቅጂ ከድሮው ሸክላ ጋር አስተያይቶ ለሰማ ልዩነቱ ግልጽ ነው። በድሮው ላይ ሳክስፎኑ ብቻውን ገዝፎ ይታያል፤ አጃቢው ከሥሩ ተነጥፏል። በአዲሱ ላይ ጊታሩም ከበሮውም ከሳክስፎኑ ጋር ትከሻ ለትከሻ ይጋፋል። ለስላሳውን የለመደ ጆሮ ቢቆጣ አይፈረድበትም።

ሆኖም አንድ ጥያቄ ላንሳ። ሽለላ በባሕርዩ ለስላሳ አጀብ የሚፈልግ ነገር ነው? ሠርግ ቤት ወይም ለቅሶ ላይ ሲፎከር ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ፎካሪው ብቻውን አይፎክርም። ዙሪያውን የቆመው ሰው ያጨበጭባል፣ «በለው!» ይላል፣ እግሩን ይመታል፤ ፎካሪው ሲደክም ያግለዋል፣ ሲግል ይብስ ያነሣሣዋል። ጥሩ አጃቢ ማለት እዚያ ጋ ፎካሪውን የሚያባብለው ሳይሆን የሚገፋው ነው። እነዚያ የሆላንድ ሰዎች ቅኝታችንን እንደ እኛ አያውቁት ይሆናል፤ መገፋፋቱን ግን ያውቁበታል። ጋሽ ጌታቸው የሰሙት ይህንን ይመስለኛል። በሥርዓት ከተሰለፈ ኦርኬስትራ ይልቅ ወደ ጦር ሜዳው ክብ የቀረበ ነገር በማያውቁት አገር አገኙ።

ደግሞስ «የራሳችን» የምንለው ባንድ ምን ያህል የራሳችን ብቻ ነበር? ማዘጋጃ ቤት ባንድንም ሆነ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርን ሙዚቃ የመራው አርመናዊው ኔርሲስ ናልባንዲያን ነው። ሳክስፎኑን ራሱን የፈጠረው ቤልጂጋዊው አዶልፍ ሳክስ ነው። የእኛ አባቶች ከሰው የተቀበሉትን ዕቃ ይዘው የራሳቸውን ነገር ተናገሩበት። ጋሽ ጌታቸውም በስተርጅና ያደረጉት ያንኑ ነው።

ከክርክሩ ሥር ያለው ከባድ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ለምን አጃቢ ፍለጋ አምስተርዳም ድረስ መሄድ አስፈለጋቸው? በደርግ ዘመን ለዓመታት የዘለቀው የሰዓት እላፊ የአዲስ አበባን የምሽት ሙዚቃ አዳከመው። ኋላ ደግሞ አንድ ኪቦርድ የሙሉ ባንድ ሥራ መሥራት ጀመረ፤ ትንፋሽ መሣሪያ የሚጫወቱ ሰዎች ከካሴቱም ከመድረኩም እየራቁ ሄዱ። ትሮምቦንና መለከት የያዘ ባንድ ቀጥሮ የሚያጫውት ቤት ጥቂት ሆነ። ጎፈር የደፋ አንበሳ ብቻውን ቀረ።

ጋሽ ጌታቸው በዚህ ብቻቸውን አይደሉም። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ2009 ከእንግሊዞቹ ሄሊዮሴንትሪክስ ጋር አልበም ሠርቷል። ዓለማየሁ እሸቴን የፈረንሳዩ ባዱሜስ ባንድ አጅቦታል። ለረጅም ዓመታት ከሙዚቃ ርቆ የቆየው ግርማ በየነም እ.ኤ.አ. በ2017 አልበሙን ያወጣው አካሌ ውቤ ከተባሉት ፈረንሳውያን ጋር ነው። አንጋፎቻችንን በሰተርጅና «እስቲ ይጫወቱ፣ እኛ ከኋላዎ ነን» ያሏቸው በአብዛኛው የሰው አገር ልጆች ናቸው። በዚህ ፈረንጆቹን መውቀስ አይቻልም። እኛ «አንጋፋ» ብለን ሸልመን፣ ፎቶ ተነሥተን ወደ ቤታቸው ስንሸኛቸው፣ እነሱ «ነገ ልምምድ አለ» አሏቸው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ የሙዚቀኞች ጉዳይ ብቻ አይደለም። በየቤታችን አለ። አባት በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል። ልጆች በፍቅር፣ «አባዬ፣ አሁን ይረፉ» እንላለን። ከዚያ አንድ ቀን አባባ ከሰፈር ወጣቶች ጋር ቼዝ መጫወት ሲጀምሩ፣ ወይም እማማ በ65 ዓመታቸው ሥዕል መማር ሲያምራቸው፣ ቅር ይለናል። «በዚህ ዕድሜዎ?» «ከእነዚህ ልጆች ጋር?» እንላለን። የምናውቃቸው በድሮ ባንዳቸው ነው፤ በዚያው እንዲቀሩልን እንፈልጋለን። ሐዘናችን ስለ እነሱ ይመስለናል እንጂ ስለ ራሳችን ትዝታ ነው።

ለሰው ልጅ የስተርጅና ዘመን ትልቁ ማዕረግ መከበር ብቻ አይደለም፤ መፈለግም ነው። ጋሽ ጌታቸው መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. በ81 ዓመታቸው ሲያርፉ፣ ከሰባ ዓመት በኋላ የተሠሩ ሁለት አልበሞች ትተውልን ነበር። ብዙ ሰው ልጆቹ ቤት ሶፋ ላይ በሚያሳልፈው ዕድሜ እሳቸው ገና ይፎክሩ ነበር።

እንግዲህ በዚህ ወር አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። የድሮውን ሸክላና «ሞአ አንበሳ»ን በስልካችሁ ፈልጉና ከቤተሰባችሁ ጋር አንድ ላይ አድምጡ። ልጆቻችሁ አንዱን፣ ወላጆቻችሁ ሌላውን ቢመርጡ አትገላግሏቸው፤ ይከራከሩ። ክርክሩ ሲበርድ ደግሞ ወደ አባታችሁ ወይም ወደ እናታችሁ ዞር በሉና እንዲህ ብላችሁ ጠይቋቸው፦ «ዛሬ እንደ ገና ቢጀምሩ ምን መሥራት ይፈልጋሉ? ከማንስ ጋር?» መልሳቸውን አትመዝኑት። ስሙትና፣ የሚያስፈልጋቸው ክላርኔትም ይሁን የልብስ ስፌት መኪና፣ ለልደታቸው ከምትገዙት ጋቢ ጋር ደርቡበት።