ሕፃኑን ማን ይያዝ?

በሀዲያ፣ በፎንቆ፣ አንዲት ሴት ስትወልድ ቤቱ በቡላ ገንፎ ይታወዳል። ቅቤው ከገንፎው መሀል ይቀልጣል፣ ጎረቤት «እንኳን ጌታ ረዳሽ» እያለ ይገባል፣ አራሷን ብርድ እንዳይመታት በሩ ገርበብ ይላል። እዚህ ቤት ገብቶ «የዛሬ ዓመት 750 ሜትር ትዋኛለሽ፣ ወዲያው 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌት ትነጃለሽ፣ ከዚያ 5 ኪሎ ሜትር ትሮጫለሽ» የሚል ሰው ቢገኝ፣ አማቲቱ ስለ ውኃው ጥልቀትም ስለ ብስክሌቱ ዋጋም አትጠይቅም። «ሕፃኑን ማን ይይዛል?» ነው የምትለው።

ከአማቲቱ የተሻለ ጥያቄ የጠየቀ የስፖርት ተንታኝ እስካሁን የለም።

ጉዳዩ ትሪያትሎን ይባላል። ከላይ የተጠቀሰው አጭሩ ርቀት ነው፤ በኦሊምፒክ እጥፍ ሆኖ 1,500 ሜትር ዋና፣ 40 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ይሆናል። ከውኃ ወጥቶ የራስ ቁር ማጥለቅ፣ ከብስክሌት ወርዶ ጫማ መቀየር ሁሉ ይቆጠራል፤ ሰዓቱ ለማንም አይቆምም። በሌላው ዓለም ከወለዱ በኋላ ይህን ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክሩ ሴቶች በርካታ ናቸው። አብዛኞቹ ሜዳሊያ አያስቡም፤ ጨርሰው ወደ ልጃቸው መመለስ ይበቃቸዋል።

ወልዶ ወደ ውድድር መመለስ ለኢትዮጵያ አዲስ ወሬ አይደለም። ነሐሴ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሊምፒክ ጥሩነሽ ዲባባ በ10 ሺሕ ሜትር ሦስተኛ ስትወጣ ልጇ ናታን ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። አልማዝ አያና የዓለምን ክብረ ወሰን በ29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ የሰበረችበት ቀን በመሆኑ የጥሩነሽ ነሐስ ብዙም አልተወራለትም። ሰዓቷን ለተመለከተ ግን 29 ደቂቃ ከ42.56 ሰከንድ ነበር፤ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ በቤጂንግ ወርቅ ካጠለቀችበት ሰዓት በ12 ሰከንድ ይፈጥናል። እናት ሆና የሮጠችው፣ ከመውለዷ በፊት በዚህ ርቀት ከሮጠችው ሁሉ የተሻለ ነበር። በዚያው ውድድር ብር የወሰደችው ኬንያዊቷ ቪቪያን ቼሩዮትም እናት ነበረች።

ከስምንት ቀን በኋላ፣ በዚያችው ከተማ፣ ስዊዘርላንዳዊቷ ኒኮላ ሽፒሪግ በትሪያትሎን ሁለተኛ ወጣች። ሽፒሪግ በ2004 ዓ.ም. በለንደን ከስዊድናዊቷ ሊሳ ኖርደን ጋር እኩል 1 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ገብታ፣ በፎቶ ተለይታ ነው ወርቅ የወሰደችው። በ2005 ወንድ ልጅ ወለደች፤ በሪዮ ብር አመጣች።

እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ በእኛ ሬዲዮና ጋዜጣ ቶሎ የሚመዘዘው ቃል «ተአምር» ነው። ቃሉ ያምራል፤ ግን ብዙ ሰው ይደብቃል። የጥሩነሽ ባለቤት ስለሺ ስህን ራሱ በ10 ሺሕ ሜትር ሁለት የኦሊምፒክ ብር ያመጣ ሯጭ ነው። የሽፒሪግ ባለቤት ሬቶ ሁግም የኦሊምፒክ ትሪያትሎን ተወዳዳሪ ነበር። ለሁለቱም የልምምድ ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊነግራቸው አያስፈልግም። በሪዮ ሽፒሪግን ያሸነፈችው አሜሪካዊቷ ግዌን ጆርገንሰን ያኔ ገና አልወለደችም፤ ባለቤቷ ፓትሪክ ለሚዩ ግን የብስክሌት ሙያውን ትቶ ምግቧን ያበስልላት ነበር። (ይህን የሚያነቡ ባሎች ገጹን ቶሎ እንዳይገልጡት።)

ተአምር የሚለው ቃል ጊዜንም ይደብቃል። ደራርቱ ቱሉ የመጀመሪያ ልጇን በ1990 ወልዳ፣ በሲድኒ ወርቁን የወሰደችው መስከረም 20 ቀን 1993 ነው። ሁለተኛውን ወልዳ በኒውዮርክ ማራቶን እስክታሸንፍ፣ ማለትም እስከ ጥቅምት 22 ቀን 2002፣ ጊዜ አልፏል። ያኔ 37 ዓመቷ ነበር። ሕዝቡ የሚያስታውሰው ሪባኑን ነው፤ መሀል ያሉትን ዓመታት የሚያስታውሳቸው የለም። ስለዚህም በወለደች በሦስተኛ ወሯ መሮጥ ያቃታት እናት ጥፋቱ የራሷ ይመስላታል።

የሕክምናው ምክር ደግሞ ከአማቲቱ ብዙ አይርቅም። ሩጫ ከወሊድ በኋላ ቢያንስ 12 ሳምንት ይቆይ ይባላል፤ በቀዶ ሕክምና የወለደች ደግሞ ከሐኪሟ ጋር ትመክራለች። ደም ሳይቆምና ቁስል ሳይድን ውኃ ውስጥ መግባት አይመከርም። በምጥ የላላው የዳሌ ወለል ጡንቻ ሳይጠነክር የሚሮጥ ሩጫ ሽንት እስከ ማምለጥ ያደርሳል፤ ይህንን ብዙ ሴቶች ለእናታቸው እንኳ ሳይነግሩ ይኖሩበታል። በሌላ በኩል የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ፣ የጤና ችግር የሌለባት ወላድ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንድታደርግ ይመክራል። መጠነኛ እንቅስቃሴ የጡት ወተትን አይቀንስም፣ አያበላሽምም። «ሮጣ የመጣች እናት ወተቷ ይጎመዝዛል» የሚለው ስጋት አማቲቱ የተሳሳተችበት ቦታ ነው።

ጭንቅላትስ? አሜሪካዊቷ ቼልሲ ሶዳሮ በ2015 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ በሃዋይ የረጅሙን ትሪያትሎን፣ የአይረንማንን፣ የዓለም ሻምፒዮና ስታሸንፍ ከወለደች 18 ወር ነበር። ርቀቱ 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ በመጨረሻም ሙሉ ማራቶን ነው፤ በ8 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ከ46 ሰከንድ ጨረሰችው። ይህቺው ሴት ከወሊድ በኋላ ከባድ ጭንቀት ይዟት እንደነበር በግልጽ ተናግራለች። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለችው ሴት «ዝም አለች» ወይም «ተቀየረች» ትባልና በዚያው ይታለፋል።

አሁን ወደ ፎንቆ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ደመወዝ ያለው ፈቃድ አላት። አባትየው ያለው 3 ቀን ነው። ቀሪውን ማን እንደሚሸፍነው ከቁጥሩ ይነበባል። እንሰት ለምትፍቅ፣ ገበያ ለምትወጣ እናት ደግሞ ይህ ሁሉ በወረቀት ያለ ነገር ነው፤ አሠሪዋ እርሻው ነው።

ዋናውን፣ ማለትም መዋኘቱን፣ ማለፍ ይሻላል። ባለፉት ዓመታት ለኢትዮጵያ በኦሊምፒክ የዋኙት ሴቶች፣ ያኔት ስዩም በለንደን፣ ራሔል ፍስሐ በሪዮ፣ ሊና ዓለማየሁ በፓሪስ፣ ሦስቱም የተወዳደሩት በ50 ሜትር ነው። አጭሩ ትሪያትሎን የሚጠይቀው የዚህን 15 እጥፍ ነው። በሀዲያ ያለው የሻሾጎው ቦዮ ሐይቅም የወፎች ርጥብ ምድር ነው እንጂ የመዋኛ ቦታ አይደለም። ዋና ያልተማረችን እናት ውኃ ውስጥ መክተት ስፖርት አይባልም።

ትሪያትሎን ግን ውኃ የሌለበት ወንድም አለው፤ ዱአትሎን። ሩጫ፣ ብስክሌት፣ እንደገና ሩጫ። አጭሩ 5፣ 20 እና 2.5 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለጀማሪ በግማሽ ቢቀነስ የሚከፋው የለም። ሩጫው ለዚህ አገር ሰው አያስፈራም። አዲስ አበባ በየዓመቱ በሚካሄደው «ቅድሚያ ለሴቶች» የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ይሮጣሉ። ብስክሌቱ ነው የሚቸግረው። ወንድ ልጅ በተከራየው ብስክሌት ጉልበቱን እየላጠ ይማራል፤ እኅቱ በዚያው ሰዓት ጀሪካን ይዛለች። በሃያ አምስት ዓመቷ፣ ሕፃን ታቅፋ፣ መንዳት መማር ምን ያህል እንደሚያሳፍራት ወንዶች አይገባቸውም። ስለዚህ ከውድድሩ በፊት ጠዋት ጠዋት፣ ወንድ የማይሰበሰብበት ሜዳ ላይ፣ የተወሰኑ ብስክሌቶች ያስፈልጋሉ። ለሀዲያ ሆሳዕና ክለብ የሚጮኸው ሕዝብ ስፖርት ይወዳል፤ ከወንዶች እግር ኳስ የተረፈች ትንሽ ገንዘብ ለአሥር ብስክሌት ብትውል ቡድኑ አይወርድም።

የአማቲቱ ጥያቄ ግን እንዳለ ነው። መልሱ ከውጭ መምጣት የለበትም፤ የሀዲያ ሴቶች ዊጆ አላቸው። ቅቤያቸውን በየተራ ለአንዷ እየሰጡ ለዘመን መለወጫ በዓላቸው፣ ለያሆዴ፣ የሚደርሱበት የሴቶች ዕቁብ ነው። ቅቤ ሊዞር ከቻለ ሰዓትም ይዞራል። ስድስት እናቶች ቢሰባሰቡ፣ በየቀኑ አንዷ ሁለት ሰዓት ትወጣለች፣ አምስቱ ልጇን ይይዙላታል። ስድስቱም በሳምንት አንድ አንድ ቀን ይደርሳቸዋል፤ እሑድ ደግሞ ባሎች ይያዙ። ጽዋ የለው፣ ገንዘብ የለው፣ ጸሐፊም አያስፈልገው።

ውድድሩ ከያሆዴ በኋላ ባለው ሳምንት ቢሆን ይመረጣል። ክረምቱ ወጥቷል፣ ከአዲስ አበባም ከሌላውም ዘመድ ገብቷል፣ በየቤቱ ሕፃን የሚያቅፍ አያት ሞልቷል። ሩጫው ወደ ብስክሌት በሚቀየርበት ቦታ፣ በአንድ በኩል ብስክሌቶቹ ይደርደሩ፣ በሌላው በኩል ጥላ ሥር ሰሌን ይነጠፍና አያቶች ይቀመጡ። በደንቡ ላይም አንድ መስመር ይጨመር፦ ጡት ለመስጠት የቆመች ተወዳዳሪ፣ ልጁ እስኪጠግብ ሰዓቷ አይቆጠርም።