ቲፎዞና ተስቦ

«ቲፎዞ» የጣልያን ቃል ነው። ጎሚስታውንና ማኪያቶውን ከእነርሱ እንደ ወሰድን እርሱንም ወስደን የራሳችን አደረግነው፤ ዛሬ ለኳስ ብቻ ሳይሆን ለፖለቲከኛውም፣ ለዘፋኙም፣ ለሰፈር ጠበኛውም «ቲፎዞ አለው» እንላለን። በጣልያንኛ «ቲፎ» ማለት ተስቦ ነው። እንግዲህ ቲፎዞ በቃሉ ትርጓሜ ተስቦ የያዘው፣ ትኩሳቱ ናላው ላይ ወጥቶ የሚያቃዠው ሰው ማለት ነው። ቀልድ ያለበት ስም ነው። የአገራችንን እግር ኳስ የሚመሩት ሰዎች ግን ቀልዱን እንደ ሐኪም ቃል የተቀበሉት ይመስለናል፤ በሽተኛውን በማከም ፈንታ በር ዘግተውበታልና።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን ጀውሃ ላይ ያየነው ነገር ነው። ጀውሃን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ ከሸዋ ሮቢት ቀጥላ በደሴ መንገድ ላይ የምትገኝ የቆላ ይፋት ከተማ ናት፤ ማሾና ማሽላ፣ ሽንኩርትና ማንጎ የሚበቅልበት አገር። ለዕረፍት ወደ ቤተ ሰቦቻችን በወረድን ጊዜ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ውሻውን ሁሉ ከጥላ ሥር አስተኝቶ ሳለ፣ በአንድ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ግን ከመቶ የማያንስ ወጣት ተፋፍጎ አገኘን። የእንግሊዝ አገር ኳስ በዲኤስቲቪ ይታያል። የከፈለ በአግዳሚ፣ ያልከፈለ በመስኮት። አርሰናል ጎል ሲያገባ ጩኸቱ ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። ከልጆቹ አንዱ የአርሰናልን ዐሥራ አንድ ተሰላፊ ከነተቀያሪው በቃሉ ተወጣልን። በአገሩ ሊግ የሚጫወት ቡድን በዓይኑ አይቶ ያውቅ እንደ ሆነ ስንጠይቀው ሣቀብን። «የት ሄጄ?» አለ።

የቤቱ ባለቤት ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ከበሩ ሆነው ገንዘብ ሲቀበሉ ንግግራችንን ሰምተው ኖሮ፣ «እናንተ ልጆች፣ እዚህ በኳስ ሰው ተመትቶ አያውቅም። ዛሬ ቢሰዳደቡ ነገ ጧት አብረው ሻይ ሲጠጡ ታገኟቸዋላችሁ» አሉን። «የአገራቸው ቡድን ቢሆን ኖሮስ፣ ጋሼ?» አልናቸው። ጥቂት ዝም አሉና፣ «እርሱን እንኳ እንጃ» አሉ።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ «እንጃ» ነው። የሩቁን አገር ቡድን ስንወድ ሰላም ሆነን፣ የቅርቡን ስንወድ የምንፈራው ስለ ምንድን ነው?

እንዲህ ሆነን አልተፈጠርንም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብፅን ከተጨማሪ ሰዓት በኋላ 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ያገቡት ግርማ ተክሌ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ነበሩ። ዋንጫውን የተቀበለው አምበሉ ሉቺያኖ ነው። ቫሳሎዎች አባታቸው ጣልያናዊ ነበር፤ ጣልያን ከአገራችን ከተባረረ ደግሞ ገና 21 ዓመቱ ነበር። አባቱ ወይም ወንድሙ በጣልያን እጅ የሞተበት ስንት ሰው በዚያ ስታዲየም ውስጥ ለኢታሎ ጎል እንደ ጮኸ አስቡት! የአግቢው አባት ማን ነው ብሎ ጎሉን ያልተቀበለ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የአዲስ አበባ ስታዲየም የራሱ ቋንቋ ያለው አገር ሆኖ ኖረ። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ እየተባለ መቀመጫው ሁሉ ስም ነበረው። ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና የሚገናኙ ዕለት ዘፈኑም፣ ተረቡም፣ ስድቡም ትኩስ ትኩሱን እዚያው ይፈጠር ነበር። የድሮው ሁሉ ቅዱስ ነበር ማለታችን ግን አይደለም። ድንጋይና ጠርሙስ የተወረወረበት፣ ሴት ልጅ ተሳዳቢ ሳያገኛት የማትገባበት ሜዳ እንደ ነበረ እናውቃለን። ከ1954ቱ ድል በኋላ ልክ በ51 ዓመቱ፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሩት ላይ ብሔራዊ ቡድናችን ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ሲለያይ በስደት ያለው ወገናችን ስታዲየሙን በባንዲራ አልብሶት ነበር። ነገር ግን በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ሲወጣ ከዚያው ሕዝብ መካከል በእጁ የያዘውን ወደ ሜዳ የወረወረ ብዙ ነበር። ስለዚህ ትኩሳቱ የለም አንልም።

ሆኖም ጠርሙስ መወርወር ሌላ፣ ሰው መግደል ሌላ። በጥር 2009 ዓ.ም. ወልድያ ላይ 25 ሺህ ያህል ተመልካች የሚይዝ አዲስ ስታዲየም ተመረቀ። ወደ ወልድያ የሚወጣው መንገድ በጀውሃ በኩል ያልፋልና የይፋት ወጣት ደስ ቢለው የሚፈረድበት አልነበረም። ዓመት ሳይሞላው፣ በኅዳር 2010 ዓ.ም.፣ ወልድያ ከመቀሌ ከተማ ሊጫወት በተቀጠረ ዕለት ጠብ ተነሣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ጨዋታውም ሳይደረግ ቀረ። በተከታዮቹ ሳምንታት ደግሞ በየዩኒቨርሲቲው ተማሪ በተማሪ ላይ ተነሣ፤ ደምም ፈሰሰ። እኛ ተማሪዎች እዚህ ላይ አፋችንን ሞልተን ሌላውን ልንወቅስ አንችልም። ማልያ የብሔር መታወቂያ ሲሆን ከጨበጨቡት መካከል ያልተማረው ብቻ አልነበረበትም፤ የተማረው ግጥሙን ይጽፍለት ነበር።

ይህ ነገር ከሰማይ አልወረደም። አብዛኞቹ የሊጉ ክለቦች የሚተዳደሩት ከከተማ አስተዳደር፣ ከክልል ወይም ከመንግሥት ድርጅት በሚሰጥ ገንዘብ ነው። የክለቡ ካዝና የአስተዳደሩ ካዝና ሲሆን የክለቡ ሽንፈትም የአስተዳደሩ ውርደት ይሆናል፤ ዳኛው የሰጠው ፍጹም ቅጣት ምትም በወሰን ክርክር ላይ እንደ ተሰጠ ፍርድ ይቆጠራል። ይህ አንዱ ክፋቱ ነው። ሁለተኛው ክፋት ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም፤ ይኸውም፣ በትኬት ገንዘብ የማይኖር ክለብ ተመልካቹ ቢቀርበት አይጎድልበትም! በጀቱ ከላይ ይመጣል፤ ሲሚንቶው መቀመጫ ባዶውን ቢውል ደመወዝ የሚቀርበት ሥራ አስኪያጅ የለም። ጀውሃ ላይ ያሉት ሰውዬ አንድ እሑድ ወጣቱ ቢቀርባቸው የዲኤስቲቪውን ዕዳ በምን እንደሚከፍሉ ይጨነቃሉ። ክለቦቻችን ይህ ጭንቀት የለባቸውም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ለመረዳት አያስቸግርም። በ2010 ዓ.ም. «ገለልተኛ ሜዳ» የሚለው ቃል ተለመደ። ቀጥሎ የኮሮና ወረርሽኝ መጥቶ የ2012 ውድድር ተሰረዘ። በ2013 ዓ.ም. ሊጉ እንደ ገና ሲጀመር የሱፐርስፖርትን ካሜራና አንድ አዲስ ሥርዓት ይዞ መጣ፤ ቡድኖቹ ሁሉ በአንድ ከተማ ተሰብስበው ይጫወቱና ወደ ሌላው ይዛወራሉ። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ለወረርሽኙ ዘመን ብልኅ ዘዴ ነበር፤ ይህን አንክድም። ገንዘብም ተገኘበት፤ ተጫዋቹም በውጭ አገር ታየበት። ነገር ግን ወረርሽኙ አለፈ፣ ሥርዓቱ አላለፈም። በ2017 ዓ.ም. ውድድር እንኳ ያው የተውሶ ሜዳ ዙር ነበር። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ የጎንደር ሕዝብ ያየው እንደ አርሰናል በቴሌቪዥን ነው።

ለዚህ ሥርዓት የሚከራከሩ ወዳጆች አሉን። «ቢያንስ ሰው አልሞተም» ይላሉ። ከባድ ቃል ነው፤ በቀልድ አናልፈውም። እኛ የይፋት ልጆች የሰላምን ዋጋ ከመጽሐፍ አልተማርንም። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ የተሰደዱት የእኛው ዘመዶች ናቸው። ሆኖም ባዶ ስታዲየም ሰላም ነው ከተባለ የተዘጋ ትምህርት ቤትም ሰላም ነው፤ የተዘጋ መንገድም ሰላም ነው።

ከጀውሃ ወደ ሰሜን ጥቂት እንደ ሄድን ሰንበቴ አለ። ገበያው እሑድ ነው። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አፋሩ በግመልና በአህያ ጭኖ ይወርዳል። በአካባቢው ጠብ በተነሣ ቁጥር ገበያተኛው ይሳሳል፤ ሲበርድ ደግሞ ሰው ይመለሳል። ጨው ሻጭና እህል ሻጭ ገለልተኛ ገበያ ይሰጠን ብለው ከአገር ርቀው ቢገበያዩ ኖሮ ዛሬ የሚተዋወቁ አይመስለንም። ለጠቡ የሚቀመጡት ሽማግሌዎችም እዚያው በገበያው የሚገናኙት ናቸው። ተመልካች ከተመልካች ጋር ሳይተያይ ዐምስት ዓመት ከቆየ በኋላ በሩ ሲከፈት ምን ይሆናል? የሚፈሩት ነገር በዝግ በር ውስጥ እየተመነመነ ሳይሆን እየሻገተ እንዳይሆን እንሰጋለን።

ጣልያኖችን እንደ ገና እናንሣ፤ ቃሉም በሽታውም የእነርሱ ነውና። ጥር 25 ቀን 1999 ዓ.ም. ሲሲሊ ውስጥ ካታንያና ፓሌርሞ በተጋጠሙ ዕለት በተነሣው ሁከት ፊሊፖ ራቺቲ የተባለ የፖሊስ መኮንን ተገደለ። መንግሥት ውድድሩን ሁሉ ለጥቂት ቀን አቆመ። ሲከፍትም የደኅንነት ሁኔታ ያላሟሉ ስታዲየሞች ያለ ተመልካች እንዲያጫውቱ አደረገ፤ ካታንያም በዚያ የውድድር ዘመን የቀሩትን የሜዳውን ጨዋታዎች ከከተማው ውጭ በባዶ ሜዳ እንዲጫወት ተፈረደበት። ቆይቶ ወደ ሌላ ከተማ ለሚጓዝ ቲፎዞ መታወቂያ ካርድ ወጣ፤ ቲፎዞዎቹም ክፉኛ ተቃወሙት። መድኃኒታቸው ሁሉ መልካም ነበር አንልም፤ ካርዱን እኛም አንወደውም። ግን ልብ በሉ፤ ካታንያ ስላጠፋ ሮማን ሚላኖ ላይ፣ ናፖሊን ቶሪኖ ላይ ለዓመታት አላጫወቱም። የተቀጣው ያጠፋው ነው፤ ቅጣቱም ማለቂያ ነበረው።

ደግሞም ጥፋቱ ሁልጊዜ የሰው ብቻ አይደለም። በግንቦት 1977 ዓ.ም. ብራስልስ ሄይዘል ስታዲየም 39 ሰዎች ሲሞቱ፣ አብዛኞቹ የጁቬንቱስ ቲፎዞዎች ነበሩ፤ ጠቡን የእንግሊዝ ቲፎዞዎች ቢጀምሩትም ያረጀው ግድግዳ ተንዶ አደጋውን አከፋው። የእኛስ ግድግዳ? የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ስታዲየሞቻችን ደረጃ አላሟሉም ብሎ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ብሔራዊ ቡድናችን «የሜዳውን» ጨዋታ በሰው አገር እንዲያደርግ ተገደደ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍን። የት? ማላዊ፣ ሊሎንግዌ! የ1954ቱን ተጋጣሚ በሜዳችን ስም አሸንፈን ሜዳው የእኛ አልነበረም። ክለቡ ከከተማው ተሰደደ፣ ብሔራዊ ቡድኑ ከአገሩ ተሰደደ፣ ቲፎዞው ቆርቆሮ ቤት ገባ።

ተስቦን የሚያዛምተው ቅማል እንጂ የሰዎች መሰብሰብ ብቻ እንዳልሆነ የጤና ተማሪ ጓደኞቻችን ይነግሩናል። ቅማሉን መልቀም ግን አድካሚ ሥራ ነው። ድንጋይ የወረወረውን በስሙ ይዞ ለፍርድ ማቅረብ፣ የጥላቻ ዘፈን የሚያወጣውን የደጋፊ መሪ ማሰናበት፣ በማኅበራዊ ገጽ ጠብ የሚጭረውን የክለብ ሹም መቅጣት፣ በሩን ማስፋት፣ ሽንት ቤት መሥራት፣ ሴቶች ሳይሰደቡ የሚቀመጡበትን ሥነ ሥርዓት ማስከበር። ከሁሉ በፊት ደግሞ የክለቡን በጀት ከፊሉን ከትኬት ጋር ማሰር ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ተመልካቹን ፍለጋ ይወጣል። የሊጉ አክሲዮን ማኅበርና ፌዴሬሽኑ ሁሉንም በአንድ ቀን ይክፈቱ አንልም። ጠብ በሌላቸው ከተሞች ይጀምሩና በየወሩ ይጨምሩ።

ከሌላው የምንጠይቀውን ከራሳችንም እንጠይቃለን። በሚመጣው ዕረፍት ከይፋት የመጣን ተማሪዎች በሸዋ ሮቢት፣ በጀውሃ፣ በሰንበቴና በአጣዬ ወጣቶች መካከል የኳስ ውድድር ለማዘጋጀት አስበናል። ሁሉም በየሜዳው ይጫወታል፤ ገለልተኛ ሜዳ የለም። የባለሜዳው ከተማ ደጋፊዎች እንግዳውን ቲፎዞ ከመኪናው ወርዶ ይቀበላሉ፤ ምሳ ሳያበሉም አይሸኙም። የጀውሃውን ባለ ዲኤስቲቪ ቤት ነግረናቸው ገበያ ልትዘጉብኝ ነው ብለው ካጉረመረሙ በኋላ፣ ለመጀመሪያው ጨዋታ ኳሱን እገዛለሁ ብለዋል። ከእነዚህ ከተሞች የመጣችሁ ጓደኞች እስከ ወሩ መጨረሻ ስማችሁን ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ። የሊጉም አዲስ መርሐ ግብር ሲወጣ ከስንቱ ጨዋታ አጠገብ የባለሜዳው የራሱ ከተማ ስም እንደ ተጻፈ ቆጥረን በዚሁ መጽሔት ላይ እናወጣለን።